ከአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ የትኛው የበርሜል ዙር ይሻላል፤ 1:48፣ 1:60 ወይስ 1:28?

የአውሮራው አዳኝ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ነው። አራት ዓመት በዘመናዊ ጠመንጃ አጋዘን ሳድን ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ኤልክ የተባለው ትልቅ የአጋዘን ዘር በሚጮኽበት በሴፕቴምበር ወር ጫካ መግባት ስለምፈልግ ለሚመጣው ወቅት ከአፈሙዙ የሚጎርስ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ልገዛ አስቤአለሁ። የግዛቱ ሕግ በዚህ ወቅት ቴሌስኮፕን፣ በፕላስቲክ ከረጢት የሚተኮሰውን ሳቦትንና እንደ ክኒን የተጠፈጠፈውን ባሩድ ስለሚከለክል፣ የሚቀረኝ ልቅ ባሩድ ከድቡልቡል ወይም ከሾጣጣ እርሳስ ጋር ነው። ለኤልክ ደግሞ ካሊበሩ (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት በኢንች) ከ.50 ማነስ የለበትም።

ሦስት ጠመንጃዎች ቀርበውልኛል። አንደኛው ጎረቤቴ የሚሸጠው፣ መዶሻው በጎን የሆነ .50 ነው፤ በርሜሉ 28 ኢንች ይረዝማል፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ ባለቤቱ ግን 1:48 ነው ይለኛል። ሁለተኛው ላይማን ግሬት ፕሌይንስ .54 ሲሆን ዙሩ 1:60 ነው። ሦስተኛው አዲስ ኢንላይን (መለኮሻው ከበርሜሉ ኋላ በቀጥታ መስመር የተቀመጠ) .50፣ 1:28 ነው። የመደብሩ ሻጭ ዙሩ በፈጠነ ቁጥር ጥይቱ ይረጋጋል ብሎ ሦስተኛውን ሊያሸክመኝ ምንም አልቀረውም፤ አብሮኝ የሚያድነው ጓደኛዬ ደግሞ ድቡልቡል እርሳስና ፈጣን ዙር አብረው አይሄዱም ይላል። 1:48 ሲባል ጥይቱ 48 ኢንች ሲጓዝ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ያልገባኝ ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ ነው።

ጋሽ መጎስጎሻ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ነግረውሃል። ጥያቄህን ግን ከመጨረሻው ነው የጀመርከው። ጠመንጃውን ከመምረጥህ በፊት የምትተኩሰውን እርሳስ ምረጥ፤ ዙሩን የሚወስነው እሱ ነውና። እዚህ ቨርጂኒያ ሰዎች ገንዘባቸውን ሲያባክኑ ብዙ ጊዜ ያየሁት ይህችን ቅደም ተከተል ገልብጠው ነው።

ሾጣጣ ጥይት እንዲሽከረከር የምናደርገው አፍንጫውን አስቀድሞ እንዲበር ነው። አየሩ ሊገለብጠው ይታገለዋል፤ ጥይቱ በረዘመ ቁጥር ትግሉ ስለሚበረታ ብዙ ሽክርክሪት ይፈልጋል። ድቡልቡል እርሳስ ግን ፊትም ኋላም ስለሌለው መገልበጥ የሚባል ነገር አያውቀውም። እሱን የምናሽከረክረው በሌላ ምክንያት ነው። ፍጹም ክብ የሆነ እርሳስ የለም፤ ካልዞረ ሻካራው ጎኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየጎተተ ከመስመር ያስወጣዋል፤ ከዞረ ግን ጉድለቱ በየአቅጣጫው ስለሚዳረስ ይጣፋል። ለዚህ ሥራ ዝግ ያለ ዙር ይበቃል።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ጆርጅ ግሪንሂል በ1879 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ለእኛ ዓይነት እርሳስ ዛሬም መልካም መነሻ ነው። የጥይቱን ዲያሜትር በኢንች ለክተህ በራሱ አባዛው፤ ያንን በ150 አባዛ፤ ከዚያ ለጥይቱ ርዝመት አካፍል። የሚመጣው ቁጥር አንድ ዙር ማለቅ ያለበት በስንት ኢንች እንደሆነ ይነግርሃል። ለ.50 ካሊበር የመጀመሪያው ብዜት ሁልጊዜ 37.5 ስለሆነ፣ ከአንተ የሚጠበቀው ርዝመቱን ማወቅ ብቻ ነው። የድቡልቡሉ ርዝመት ከዲያሜትሩ እኩል ነው፤ 37.5 ለ0.5 ሲካፈል 75 ይሆናል። 1:66 እና 1:70 የሚባሉት የድቡልቡል በርሜሎች ለምን በዚያ አካባቢ እንደተሠሩ ከዚህ ታያለህ። አንድ ኢንች የሚረዝም ሾጣጣ ግን 1:37.5 ይፈልጋል፤ በ1:66 ቢተኮስ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ጎረቤትህ 1:48 የሚለው በርሜል እስከ 0.78 ኢንች የሚረዝመውን ይይዛል።

ልብ በል፤ ያልኩት ርዝመት እንጂ ክብደት አይደለም። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የክብደት መለኪያው ግሬን ስለሆነ ሁሉም በክብደት ያወራል፤ አንተ ግን ርዝመት የሚለካውን ካሊፐር ይዘህ ሂድ።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ድቡልቡል ከወደድህ .54ን ውሰድ፤ በ.50 የሚተኮሰው የ.490 እርሳስ 177 ግሬን ገደማ ሲመዝን፣ በ.54 የሚተኮሰው የ.530 እርሳስ 224 ገደማ ይመዝናል፤ ልዩነቱ ለኤልክ ትንሽ አይደለም። ሾጣጣ ከወደድህ 1:28 ወይም 1:32 ፈልግ። ለሁለቱም ይሆነኛል ብለህ 1:48 ከገዛህ ግን ከሁለት ያጣ ጎመን ትሆናለህ።

የባሩድ ሽታ፦

ጋሼ፣ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት እቃወማለሁ። ቀመሩ ላይ አንዲት ቃል የምጨምረው የለኝም። 1:48 ስሙ የጠፋው ግን በዙሩ ሳይሆን በቦዩ፣ ማለትም በበርሜሉ ውስጥ እየተጠማዘዘ በተፈለፈለው መስመር፣ ጥልቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ያዕቆብና ሳሙኤል ሆከን የተባሉት ወንድማማቾች በሴንት ሉዊስ የሠሯቸው የተራራ ሰዎች ጠመንጃዎች በአብዛኛው 1:48 ነበሩ፤ የሚተኮስባቸውም ድቡልቡል እርሳስ ነበር። ማንም ከሁለት ያጡ ናቸው አላላቸውም። ስያሜው የመጣው ቶምፕሰን ሴንተር የተባለው ኩባንያ በ1970 እ.ኤ.አ. በሆከን ስም ባወጣው ጠመንጃ ዘመን ነው። ያ በርሜል ዙሩ ያው 1:48 ሲሆን፣ ሾጣጣ እርሳስም እንዲቀበል ተብሎ ቦዮቹ ጥልቀት የሌላቸው፣ ወደ 5 ሺሕኛ ኢንች ብቻ የሆኑ ነበሩ። ለድቡልቡል ተብሎ በሚሠራ በርሜል ግን ቦዩ 10 ወይም 12 ሺሕኛ ይጠልቃል። ድቡልቡሉ ራሱ ቦዩን አይነካውም፤ ቦዩን የሚይዘው እርሳሱን የጠቀለለው ጨርቅ ነው። ቦዩ ጥልቀት ከሌለው ጨርቁ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ባሩድ ሲበዛ ደግሞ እርሳሱ ቦዩን ተከትሎ መዞሩን ትቶ በጠርዙ ላይ እየዘለለ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወፍራም ጨርቅና መጠነኛ ባሩድ። እኔ ጥልቀት በሌለው 1:48 በርሜል ከ60 እስከ 70 ግሬን ሁለት ኤፍ (ፍሬው መካከለኛ የሆነ) ባሩድ እያጎረስኩ በ50 ያርድ በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ምት አገኛለሁ። በዚያው ጠመንጃ 100 ግሬን ሳጎርስ ምቱ እንደ ተበተነ ጥሬ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ዒላማውን እንኳ ማየት አያስፈልግም፤ ከአፈሙዙ ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊት መሬት ላይ የወደቀውን ጨርቅ ማንሳት ይበቃል። መሐሉ ከተቃጠለ እሳቱ አልፎታል ማለት ነው፤ በጠርዙ ላይ እንደ ምላጭ ከተቆረጠ የቦዩ ጠርዝ ስለታም ነው ወይም ጨርቁ ሳስቷል። ሙሉ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ብቻ ካለበት ግን መንገድህን ይዘሃል።

የአውሮራው አዳኝ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ጠመንጃውን ለቅዳሜና እሁድ ሊያውሰኝ ተስማምቷል። ጽሑፍ የሌለበት በርሜል በእርግጥ 1:48 መሆኑን እንዴት አረጋግጣለሁ?

ሸዋ በሜሪላንድ፦

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጎርሶ እንዳይሆን አረጋግጥ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ጓዳ ውስጥ ዓመታት የቆየ የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ከነባሩዱ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ካፑን (ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ) አንሣ፤ ዘንጉን እስከ ታች አስገባ፤ አፈሙዙ ላይ በጣትህ ያዝና አውጥተህ በበርሜሉ ውጭ አስተኛው። ጫፉ ካፕ ከሚቀመጥበት አካባቢ ካልደረሰ ውስጥ አንድ ነገር አለ።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጥህ በኋላ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጥብቅ ያለ እርጥብ ጨርቅ አድርገህ እስከ ታች ግፋው። አፈሙዙ አጠገብ ዘንጉ ላይ እንደ ባንዲራ ፕላስተር ለጥፍና ወደ ላይ እንዲያመለክት አድርገው። ከዚያ ቀስ ብለህ ጎትት፤ ዘንጉ በእጅህ ውስጥ እንደ ልቡ ይሽከርከር። ባንዲራው ወደ ታች ሲያመለክት ግማሽ ዙር ሞልቷል፤ የወጣውን ርዝመት ለክተህ በሁለት አባዛው። የ28 ኢንች በርሜል ለ1:48 ግማሽ ዙር ይበቃል፤ ለ1:66 ግን ስለማይበቃ ሩብ ዙሩን ለክተህ በአራት ማባዛት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ለካ፤ ጨርቁ ከተንሸራተተ ውሸት ይነግርሃል።

ታሪክ ቆፋሪ፦

የዙር ጭቅጭቅ ከእኛ አያቶች አያት ዘመን ጀምሮ ያለ ስለሆነ ጥቂት ልጨምርበት።

በ1800 እ.ኤ.አ. በዉልዊች በተደረገው ሙከራ የእንግሊዝ ጦር የመረጠው የኢዚኪል ቤከር ጠመንጃ በ30 ኢንች በርሜሉ ውስጥ ሩብ ዙር ብቻ ነበረው፤ 1:120 ማለት ነው። ዝግ ያለ ዙር በጥላሸት የጠበበ በርሜልን ለማጉረስ ስለሚያቀል፣ በጦር ሜዳ ላለ ወታደር ትልቅ ነገር ነበር። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በሕንድ ያገለገለው መኮንንና አዳኝ ጄምስ ፎርሳይዝ ለትልቅ ድቡልቡል 1:104 ይበቃል ብሎ ተከራክሯል። ምክንያቱ «የባሩድ ሽታ» ከላይ የጻፈው ነው፤ ዙሩ ዝግ ካለ ብዙ ባሩድ ቢጎርስም እርሳሱ ቦዩን አይዘልም፤ ብዙ ባሩድ ደግሞ ጉዞውን ቀጥ ያደርገዋል።

በሌላው ጫፍ የቆመው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። በርሜሉ ባለ ስድስት ጎን፣ .451፣ ዙሩም 1:20 ነበር፤ ጥይቱ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚረዝም ከዚያ የዘገየ ዙር አይበቃውም ነበር። በ1857 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር መደበኛ ጠመንጃ ከኤንፊልድ ጋር ሲወዳደር፣ በ1,400 ያርድ ኤንፊልዱ ዒላማውን ማግኘት ሲያቅተው እሱ ይመታ ነበር። ሆኖም ዋጋው ውድ ነበር፤ በርሜሉም በጥላሸት ቶሎ ይጠብ ስለነበር የጦሩ መደበኛ መሣሪያ ሳይሆን ቀረ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የ1853ቱ ኤንፊልድ ነው። በርሜሉ 39 ኢንች፣ ቦዮቹ ሦስት፣ ዙሩ 1:78 ስለነበር ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በትክክል ግማሽ ዙር ዞሮ ነበር። ብሪታንያ ከኋላ ወደሚጎርስ ጠመንጃ ስትሸጋገር እነዚህን በርሜሎች አልጣለቻቸውም፤ የኋላቸውን ቆርጣ የስናይደርን ማጠፊያ ገጠመችላቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር አሮጌ ሜዳና መቅደላ የደረሰው፣ በአገራችን «ስናድር» እየተባለ የቀረው ጠመንጃ ይኸው ነው። እንግዲህ ስናድር ከኋላው ቢጎርስም በርሜሉና ዙሩ ከአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ የተሠሩ ነበሩ። ዙሩን መለወጥ ስለማይቻል ቦክሰር የተባለው መኮንን ለበርሜሉ የሚስማማ ጥይት መንደፍ ነበረበት፤ 480 ግሬን የሚመዝን፣ ኋላው ክፍት ሆኖ በመሰኪያ የሚሰፋ፣ አፍንጫውም ውስጡ ባዶ የሆነ ጥይት አወጣለት። ጋሽ መጎስጎሻ እርሳሱን ምረጥና ጠመንጃውን ፈልግ አሉ፤ በርሜሉ አስቀድሞ እጅ ላይ ላለ ሰው ግን መንገዱ የቦክሰር ነው።

ሚዛን፦

እስካሁን የተጻፈው እንዳለ ሆኖ፣ ሁለት ነገሮችን በቁጥር ላሳይ።

አንደኛ፣ ካሊበር ሳይጠቀስ 1:48 ፈጣን ነው ወይም ዝግ ነው ማለት ትርጉም የለውም። ጨርቁን የሚያስጨንቀው ቦዩ ያዘመመበት ማዕዘን ነው፤ ማዕዘኑ ደግሞ ከዲያሜትሩ ጋር ይሄዳል። በ.50 በርሜል 1:48 ሲሆን ቦዩ 1.9 ዲግሪ ገደማ ያዘማል፤ በ1:70 1.3፣ በ1:28 ደግሞ 3.2 ዲግሪ ነው። ለሽኮኮ በሚያገለግለው በ.32 በርሜል ግን 1:48 ማለት 1.2 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በ.50 ላይ ከ1:75 ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ለ.32 ድቡልቡል 1:48 ዝግ ያለ ዙር ነው፤ ማንም አይከራከርበትም።

ሁለተኛ፣ ዙር ሲበዛ ምን ይጎዳል የሚለው አልተመለሰም። እርሳስ ስናቀልጥ ውስጡ የአየር ቀዳዳ ከቀረ የክብደቱ መካከል ከቅርጹ መካከል ይለያል። በርሜሉ ውስጥ ሳለ ግድግዳው ይዞታል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ግን ያ ከመሐል የራቀው ክብደት በዞረበት አቅጣጫ ይወረወራል። ልዩነቱ አንድ ሺሕኛ ኢንች ብቻ ቢሆን፣ በ1:28 በርሜል በ100 ያርድ 0.8 ኢንች ያስታል፤ በ1:70 ግን 0.3 ኢንች ብቻ። የጥይቱ ፍጥነት በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ በሁለቱም በኩል ይጣፋል። በቤቱ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ዝግ ያለ ዙር ለምን ይቅር እንደሚለው ምክንያቱ ይህ ነው። ከቅርጽ ማውጫው የተቆረጠችውን ጉጥ ወደ ላይ አድርጎ በመሐል ማስቀመጥም ለዚሁ ይጠቅማል።

ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር። የኮሎራዶ ሕግ ሾጣጣ ጥይት ከዲያሜትሩ ሁለት እጥፍ በላይ እንዳይረዝም ይከለክላል። ቀመሩን ካየን፣ ለ.50 ከፍተኛው የተፈቀደ ርዝመት አንድ ኢንች፣ የሚያስፈልገውም ዙር 1:37.5 ነው። 1:28 የተሠራው በሳቦት ለሚተኮስ ረጅም ጥይት ስለሆነ፣ ሳቦት በማይፈቀድበት ቦታ የማትጠቀምበትን ፍጥነት ትገዛለህ። ጉዳት የለውም፤ ግዴታም አይደለም።

የአውሮራው አዳኝ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ይቅርታ ዘገየሁ።

ጠመንጃው አልጎረሰም ነበር። ዙሩን ስለካ የመጀመሪያው ልኬት 27 ኢንች ላይ ግማሽ ዙር ሰጠኝ፤ ይህም 1:54 ማለት ስለሆነ ጎረቤቴን በልቤ አማሁት። ጨርቁን በሌላ ጨርቅ ደርቤ ሳጠብቀው ግን ሦስት ጊዜ በተከታታይ 24 ኢንች ወጣ። 1:48 ነው፤ ሰውየው አልዋሸም።

ከዚያ ተኩስ ሜዳ ወሰድኩት። በ70 ግሬን ባሩድና በ.490 እርሳስ፣ 10 ሺሕኛ ኢንች ውፍረት ባለው ጨርቅ፣ በ50 ያርድ አምስት ምት አራት ኢንች ላይ ተበተነ። ጨርቆቹን ሳነሣ ሁሉም መሐላቸው ተቃጥሎ ቀለበት መስለው ነበር። 18 ሺሕኛ ወደሆነው የፍራሽ ጨርቅ ስለወጥ ለማስገባት መዶሻ ቢያስፈልገኝም፣ ምቱ ወደ አንድ ከሦስት አራተኛ ኢንች ተሰበሰበ፤ ጨርቁም ሙሉ ሆኖ ወደቀ። ባሩዱን ወደ 90 ሳደርሰው እንደገና ተበተነ።

በሾጣጣ ሁለት ዓይነት ሞከርኩ። አጭሩ በካሊፐር 0.75 ኢንች ነው፤ በ100 ያርድ አራት ኢንች ገደማ ያዘ፤ ቀዳዳዎቹም ክብ ናቸው። ረጅሙ 1.05 ኢንች ነው። እሱ ወረቀቱን ሁሉ አዳረሰው፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆኑ፣ አንዱ ጎን ላይ የእርሳስ ግራጫ ጭረት ቀርቷል። ጥይቱ እየተንገዳገደ በጎኑ ለመግባት ሲሞክር እንደ ማየት ነበር። ጋሼ የነገሩኝ 0.78 በዓይኔ ፊት ተረጋገጠ።

ሸዋ በሜሪላንድ፦

የረጅሙን ጥይት ሳጥን ለመደብሩ መልሰው። «ሚዛን» በጠቀሱት ሕግ 1.05 ኢንች ከተፈቀደው አንድ ኢንች ስለሚያልፍ፣ ቀጥ ብሎ ቢሄድልህ እንኳ ኤልክ ልታድንበት አትችልም ነበር። የዘንድሮውን መመሪያ መጽሔት አውጥተህ ራስህ አንብበው፤ ደንቡ ሊለወጥ ይችላል።

ጋሽ መጎስጎሻ፦

የጎመኗን ነገር በግማሽ አነሣለሁ። ጠመንጃውን ሳይለካ ለሚገዛ ሰው ግን እንዳለች ትቆይ። «የባሩድ ሽታ»፣ በወፍራሙ ጨርቅ ረትተኸኛል። ለአውሮራው ወንድሜ፣ ጨርቁን በመዶሻ አታስገባው፤ አጭር የእንጨት ማስጀመሪያ ግዛ፤ ጨርቁንም በደንብ ቅባ።

የአውሮራው አዳኝ፦

ማስጀመሪያውን አዝዣለሁ፤ ሳጥኑንም መልሻለሁ። ጠመንጃውን ከጎረቤቴ ገዛሁት። ለአጋዘንና ለልምምድ ድቡልቡል በ70 ግሬን፣ ለኤልክ አጭሩን ሾጣጣ እተኩስበታለሁ፤ በሁለቱም ከ75 ያርድ በላይ አልሞክርም። .54ቱ ለጊዜው መደብሩ ውስጥ ይቆየኝ።

በርሜሉን ከእንጨቱ ነቅዬ ሳጸዳ፣ ከውጭ በማይታየው በታችኛው ገጽ ላይ በነጭ ቀለም «1:48፤ ሾጣጣ ከ0.78 አይበልጥ» ብዬ ጽፌበታለሁ።